የምክር ዓምድ፦ ከሳምንታዊ ሂሳቤ የሚቆረጠው ሁሉ ሕጋዊ ነውን?

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። በአሜሪካ በረጅም ርቀት የጭነት ሥራ የተሰማራሁ ሾፌር ነኝ። በባንክ ብድር የገዛሁትን ትራክ ለአንድ አነስተኛ ድርጅት በሊዝ (በኪራይ ውል) አስገብቼ መሥራት ከጀመርኩ 14 ወር ሆነኝ። የተስማማነው ከእያንዳንዱ ጭነት ጠቅላላ ገቢ 80 በመቶው ለእኔ እንዲሆን ነበር። ይሁንና ከነዳጅ ሌላ በየሳምንቱ ለኢንሹራንስ 325፣ ለተሳቢ ኪራይ 250፣ ለሰሌዳ 45፣ ለኤሌክትሮኒክ ሎግ ቡክ (የመንዳት ሰዓት መመዝገቢያ) 25፣ ‹ለአስተዳደር› 50፣ ለመያዣ ደግሞ 100 ዶላር ይቆረጥብኛል፤ ሳልሠራ ቤቴ ብቀመጥም ይኸው ነው። ባለፈው ወር አንድ ብሮከር (ጭነት አገናኝ ደላላ) በስህተት ለእኔ በላከው ሬት ኮንፈርሜሽን (የጭነቱን ዋጋ የሚያረጋግጥ ሰነድ) ላይ፣ ድርጅቱ 2,600 ዶላር ነው ያለኝ ጭነት 3,000 ዶላር ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ቀደም ብሎም ተቀባዩ አልወስድም ላለው ዕቃ በሚል 1,850 ዶላር ያለ አንዳች ወረቀት ተቆርጦብኛል። የድርጅቱ ባለቤት የአገሬ ልጅ ነው፤ የምንሳለመውም አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ውሉን የፈረምኩት በስልኬ ላይ ስለነበር ቅጂው በእጄ የለም። ይህ ሁሉ ሕጋዊ ነውን? ወረቀት ብጠይቅ እንደ ክህደት አይቆጠርብኝም? ለቅቄ ብወጣስ የመያዣ ገንዘቤን አገኘዋለሁ?»

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከዘረዘሯቸው ተቀናሾች አንዳንዶቹ በውሉ ላይ በግልጽ ከተጻፉ ሕጋዊ ናቸው፤ የ1,850 ዶላሩ ግን በተቆረጠበት መንገድ ሕጋዊ አይደለም፤ የ400 ዶላሩ ልዩነት ደግሞ ድርጅቱ በወረቀት ማስረዳት ያለበት ጉዳይ ነው። ይህን የምልዎ በግምት አይደለም። ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ጭነት የሚያጓጉዝ ድርጅት የሌላን ሰው ትራክ ከነሾፌሩ በሊዝ ሲወስድ የሚገዛበት የፌዴራል ደንብ አለ፤ ከ1979 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ሲሆን፣ በፌዴራል ደንቦች መድበል በርዕስ 49 ክፍል 376 ሥር ይገኛል፤ በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎችም «ትሩዝ ኢን ሊዚንግ» (በሊዝ ውል ግልጽነት እንደማለት) ይሉታል። ለእርስዎ ጉዳይ ተብሎ የተጻፈ ያህል ከደብዳቤዎ ጋር የሚስማማው አንቀጽ 376.12 ነው፤ በእንግሊዝኛ ጥቂት ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ የሚያግዝዎት ሰው ፈልገውም ቢሆን አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ብዙ ወንድሞች የሚሳሳቱበትን ነገር ማስተካከል ይገባኛል። ደንቡ ዋጋ አይተምንም። ድርጅቱ 20 በመቶ ሳይሆን 35 በመቶ ቢወስድ፣ ለተሳቢ 250 ሳይሆን 350 ዶላር ቢያስከፍል፣ «ለአስተዳደር» በሚል በየሳምንቱ 50 ዶላር ቢቆርጥ፣ ይህ በውሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ እርስዎ እስከፈረሙበት ድረስ ደንቡ አይከለክለውም። ደንቡ የሚከለክለው መደበቅን ነው። ድርጅቱ አስቀድሞ ከፍሎ በኋላ ከእርስዎ ሂሳብ ላይ የሚያነሳው እያንዳንዱ ነገር በውሉ ላይ በስም መጠቀስ አለበት፤ መጠኑ በምን ስሌት እንደሚገኝም መጻፍ አለበት፤ ተቀናሹ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ የሚያስፈልጉ ሰነዶችም ለእርስዎ ሊሰጡ ይገባል። ስለዚህ የእርስዎ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ገንዘብ ለምን በዛ?» ሳይሆን «ይህ ገንዘብ በውሉ የትኛው አንቀጽ ላይ ተጽፏል?» የሚል መሆን አለበት። መልሱም የሚጀምረው ከጎደለዎት ሰነድ፣ ከውሉ ቅጂ ነው። የተፈረመ ውል አንድ ቅጂ በባለ ትራኩ እጅ መኖር እንዳለበት ደንቡ ራሱ ያዛል፤ ከዚህም ሌላ ውሉ ወይም ስለ ውሉ የሚመሰክር የድርጅቱ ጽሑፍ ሁልጊዜ በትራኩ ውስጥ መገኘት አለበት። በመሆኑም ቅጂውን መጠየቅ ውለታ መጠየቅ አይደለም።

አሁን ከሁሉ ወደከበደኝ ጉዳይ ልምጣ። ጭነቱ 2,600 ዶላር ከሆነ የእርስዎ ድርሻ 2,080 ዶላር ነው፤ 3,000 ዶላር ከሆነ ግን 2,400 ዶላር ነው። በአንድ ጭነት ብቻ 320 ዶላር ጎድሎብዎታል ማለት ነው። በመቶኛ የሚከፈለው ባለ ትራክ የእያንዳንዱን ጭነት ዋጋ የሚያሳየውን ሰነድ፣ ማለትም ፍሬይት ቢሉን ወይም ያንኑ መረጃ የያዘ ከኮምፒውተር የወጣ ጽሑፍ፣ ሂሳቡ ከመሠራቱ በፊት ወይም በሚሠራበት ጊዜ ማግኘት እንዳለበት ደንቡ ያስገድዳል። ድርጅቱ የላኪውንና የተቀባዩን ስም መሸፈን ይችላል፤ የገንዘቡን ልክ ግን መሸፈን አይችልም። በየሳምንቱ የሚደርስዎ የክፍያ መግለጫ «ጭነት፣ 2,600» የሚል አንድ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ያ መግለጫ የድርጅቱን ቃል የሚደግም ወረቀት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ሆኖም ከመክሰስዎ በፊት በውሉ ላይ «ጠቅላላ ገቢ» የሚለው ቃል እንዴት እንደተተረጎመ ይመልከቱ። አንዳንድ ውሎች መቶኛው የሚሰላው የፋክተሪንግ ክፍያ (ድርጅቱ ገንዘቡን ቀድሞ ለማግኘት ደረሰኙን ለሚገዛው አካል የሚከፍለው) ወይም የዲስፓቸር (ጭነት ፈልጎ የሚመድብ ሰው) ኮሚሽን ከተነሳ በኋላ ነው ብለው ይጽፋሉ። ሌሎች ደግሞ በባለቤቱ ወይም በዘመዱ ስም የተቋቋመ የብሮከር ድርጅት በመሐል ገብቶ የራሱን ድርሻ ካነሳ በኋላ የቀረውን «ጠቅላላ» ይሉታል። እንዲህ ያለ ነገር በውሉ ላይ ተጽፎ እርስዎ ፈርመውበት ከሆነ፣ የሚያሳዝን ቢሆንም ክርክርዎ ይደክማል። ካልተጻፈ ግን ጠቅላላ ማለት ጠቅላላ ነው። ከዋናው ዋጋ ጋር የሚመጡትን ሌሎች ክፍያዎችም አይርሱ፤ በመጫኛና በማራገፊያ ቦታ ከተፈቀደው ሰዓት በላይ ሲቆሙ ብሮከሩ የሚከፍለው ዲቴንሽን፣ የነዳጅ ጭማሪ ክፍያ፣ ለአራጋፊዎች ከኪስዎ አውጥተው በኋላ ለድርጅቱ የተመለሰው ገንዘብ፣ ሁሉም በጭነቱ ሰነድ ላይ የሚታዩ ናቸው። አምስት ሰዓት ቆመው የዋሉበትን ቀን እርስዎ ያስታውሳሉ፤ ያ ቀን በክፍያ መግለጫው ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። የነዳጅ ጭማሪውን በተመለከተ ግን ደንቡ ሙሉ በሙሉ ለባለ ትራኩ ይተላለፍ ስለማይል፣ መብትዎ ውሉ በሰጠዎት ልክ ነው።

ወደ 1,850 ዶላሩ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። በጭነት ወይም በንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳት ከባለ ትራኩ የሚቆረጥ ገንዘብ በምን ሁኔታ እንደሚቆረጥ በውሉ መጻፍ አለበት፤ ከዚህም በላይ ገንዘቡ ከመቆረጡ በፊት ምክንያቱንና ዝርዝሩን የሚያስረዳ ጽሑፍ ለባለ ትራኩ መድረስ አለበት። «በፊት» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ፤ ቆርጦ ማስረዳት ደንቡን አያሟላም። እንደ ሥራው ልማድም ተቀባዩ ዕቃ ሲመልስ በቢል ኦፍ ሌዲንጉ (ከጭነቱ ጋር በሚሄደው የርክክብ ሰነድ) ላይ ይጽፋል፤ ላኪው ወይም ብሮከሩ የጉዳት ጥያቄ በጽሑፍ ያቀርባል፤ የድርጅቱ የጭነት ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ስለዚህ የቀረበው የጉዳት ጥያቄ የታለ፣ ኢንሹራንሱ ከፈለ ወይስ አልከፈለም፣ 1,850 የሚለው ቁጥርስ ከየት መጣ ብለው የመጠየቅ ሙሉ መብት አለዎት። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ድርጅቱ «ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ ተቃውሞ ስለተጻፈበት የጭነቱን ክፍያ አልሰጥህም» ማለት አይችልም። እንደዚሁም ታሽጎ የተረከቡት ወይም ሌላ ሰው የጫነው ተሳቢ ከተፈቀደው ክብደት በላይ ሆኖ ቢቀጡ፣ ጥፋቱ የእርስዎ እስካልሆነ ድረስ ቅጣቱን የሚሸከመው ድርጅቱ ነው፤ እርስዎ ከፍለው ከሆነም ሊመልስልዎ ይገባል።

በየሳምንቱ የሚቆረጡት ሲደመሩ 795 ዶላር ይሆናሉ፤ በዓመት 41,340 ዶላር ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁ ኢንሹራንሱ ሲሆን በዓመት 16,900 ዶላር ይደርሳል። ለሕዝብ ጥበቃ የሚያስፈልገውን የኃላፊነት ኢንሹራንስ፣ ለተራ ጭነት ቢያንስ የ750,000 ዶላር ሽፋን ያለውን፣ በስሙ ይዞ የመገኘት ግዴታ የድርጅቱ ነው፤ ወጪውን ግን መጠኑ በውሉ ከተጻፈ ለእርስዎ ሊያስተላልፍ ይችላል። በድርጅቱ በኩል ኢንሹራንስ ከገዙ ደግሞ የምስክር ወረቀት ይገባዎታል፤ ወረቀቱም የኢንሹራንስ ሰጪውን ስም፣ የፖሊሲውን ቁጥር፣ የሚጸናበትን ጊዜ፣ የሽፋኑን ዓይነትና መጠን፣ ለእያንዳንዱ ሽፋን እርስዎ የሚከፍሉትን ዋጋ፣ ጉዳት ሲደርስ ከኪስዎ የሚወጣውንም ገንዘብ ያሳያል። ይህን ወረቀት ሲያገኙ ለራስዎ አካል ጉዳት ሽፋን ይኑር አይኑር መጀመሪያ ያንን ይመልከቱ፤ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ሌላውን ሰው እንጂ እርስዎን አያክምም፤ ይህን አደጋ ከደረሰባቸው በኋላ ያወቁ ሾፌሮች አጋጥመውኛልና አጥብቄ የምናገረው ስለዚህ ነው።

ሰሌዳውን በተመለከተ፣ በሳምንት 45 ዶላር በዓመት 2,340 ዶላር ይሆናል። ድርጅቱ ለትራክዎ ሰሌዳ የከፈለበት ደረሰኝ አለ፤ ደረሰኙ ከዚህ ካነሰ ትርፉ ወዴት እንደሄደ ውሉ መናገር አለበት፤ ዋጋው ተከፍሎ ካለቀ በኋላም መቆረጡ ከቀጠለ ያ በቀላሉ የሚረጋገጥ ስህተት ነው። የተሳቢው ኪራይ በዓመት 13,000 ዶላር ነው። ከድርጅቱ ዕቃም ሆነ አገልግሎት እንዲገዙ ወይም እንዲከራዩ የውሉ ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ማስገደድ የተከለከለ ስለሆነ፣ የራስዎን ተሳቢ ገዝተው ወይም ከሌላ ቦታ ተከራይተው ማምጣት እንደሚችሉ ይወቁ።

እኔም በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት አንድ ድርጅት በሰጠኝ የነዳጅ ካርድ ስጠቀም፣ በፓምፑ ላይ የሚታየው ዋጋና ለድርጅቱ በቅናሽ የሚሰላው ዋጋ የተለያዩ መሆናቸውን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። ቅናሹ ለእኔ ይተላለፋል ተብሎ በቃል ተነግሮኛል፤ በጽሑፍ ግን አንድም ቦታ አልነበረም። ገንዘቡን አላገኘሁትም። ያናደደኝ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን፣ ገና በመጀመሪያው ወር አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ የማይደርስ መሆኑ ነው። እርስዎም የነዳጅ ካርድ የሚጠቀሙ ከሆነ የካርዱን ዝርዝር መግለጫ ይጠይቁ።

በክፍያ መግለጫው ላይ ጭራሽ የማይታዩ ወጪዎችንም በአጭሩ ላንሳ፤ ምክንያቱም ከድርጅቱ ጋር ሂሳብ ሲተሳሰቡ እውነተኛ ትርፍዎን ካላወቁ ክርክሩ የት እንደሚያደርስዎ ማየት አይችሉም። በግል ሥራ የሚተዳደር ሰው ለሶሻል ሴኪዩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ ራሱ ይከፍላል፤ ግብሩንም በዓመት አራት ጊዜ አስቀድሞ ያስገባል። ከ75,000 ፓውንድ በላይ ለሚመዝን ትራክ በቅጽ 2290 የሚከፈለው ዓመታዊ የፌዴራል ግብር 550 ዶላር ነው። ጎማ፣ ዘይት፣ የሞተር ጥገና፣ ባዶ የሚነዱት ማይል፣ ትራኩ ተበላሽቶ የሚቆምባቸው ሳምንታት አሉ፤ በእነዚያም ሳምንታት የድርጅቱ ተቀናሽ ይቀጥላል። ትራኩን ራሱን ከሚሠሩበት ድርጅት በሊዝ ፐርቸስ (እየተከራዩ በመጨረሻ ባለቤት ለመሆን በሚደረግ ውል) የወሰዱ አንባቢዎች ካሉ ደግሞ ይህን ቢያውቁ እወዳለሁ፤ በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ መሠረት የተቋቋመው የትራክ ሊዝ ግብረ ኃይል ጉዳዩን መርምሮ፣ በጥር 2025 ለኮንግረሱ ባቀረበው ሪፖርት እንዲህ ያሉ ውሎች እንዲከለከሉ ሐሳብ አቅርቧል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልመለስ። ይሉኝታው ይገባኛል። ባለቤቱ ሥራ ባጡበት ጊዜ በሩን ከፍቶልዎ ይሆናል፤ እሑድ እሑድም ፊት ለፊት ትተያያላችሁ። ነገር ግን በእርሱ እጅ ያለው የእርስዎ ጉልበት ዋጋ ነው፤ ይህ አደራ ነው፤ የአደራን ሂሳብ መጠየቅ ክህደት ሆኖ አያውቅም። ከዚህም በላይ ስህተቱ የባለቤቱ ሳይሆን የሂሳብ ሠራተኛው ሊሆን ይችላል፤ ሳይጠይቁት በልብዎ ፈርደውበት ሲሄዱ ነው እርሱን የሚበድሉት። ስለዚህ በመጀመሪያ በአካል ወይም በስልክ፣ ያለ ቁጣና ያለ ዛቻ፣ «ለግብር ሥራዬ ሰነዶቼን እያሟላሁ ነው፤ የሚከተሉትን በኢሜል እጠይቅሃለሁ» ብለው ይንገሩት፤ እውነትም ነው፤ ለግብር ያስፈልጉዎታል። በዚያው ቀን ኢሜሉን ይላኩ። በኢሜሉ ላይ የተፈረመውን ውል ከነአባሪዎቹ፣ የ14 ወሩን የእያንዳንዱን ጭነት የዋጋ ሰነድ፣ የኢንሹራንሱን ምስክር ወረቀት፣ የሰሌዳውን ደረሰኝ፣ የ1,850 ዶላሩን የጉዳት ጥያቄ ከነዝርዝሩ፣ የመያዣ ገንዘቡንም መግለጫ በቀን ገደብ ይጠይቁ። በስህተት የደረሰዎትን ሬት ኮንፈርሜሽን አሁን አያንሱት፤ ያስቀምጡት። ድርጅቱ የራሱን ሰነድ ሲያቀርብ ከዚያ ጋር ያመሳክሩታል፤ እውነቱም ያን ጊዜ ይገለጣል።

ነገሩ በሽማግሌ ይታይ ቢባል አይቃወሙ፤ ሽማግሌዎቹ ግን የሚፈርዱት በሰነድ ላይ እንዲሆን፣ በ«ተው ይቅር ተባባሉ» ብቻ እንዳያልቅ፣ ወረቀቶቹ አስቀድመው ጠረጴዛ ላይ ይቅረቡ።

አንድ መራራ እውነት አልደብቅዎትም። ሰነድ የጠየቀ ባለ ትራክ ጭነት እንዲቀንስበት ሊደረግ ይችላል፤ ድርጅቱ ጭነት እንዲሰጥዎ ይህ ደንብ አያስገድደውም። በመሆኑም ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆን፣ ኢሜሉን ከመላክዎ በፊት የክፍያ መግለጫዎችዎን በሙሉ አትመው ወይም ፎቶ አንስተው ከድርጅቱ ሥርዓት ውጭ ያስቀምጡ፤ ጥቂት ሳምንታት ያለ ሥራ የሚያቆይ ገንዘብ ይያዙ፤ ሊሄዱበት የሚችሉትንም ድርጅት በዝምታ ያነጋግሩ፤ በዚያ ድርጅት ግን ውሉን አንብበው ሳይጨርሱ አይፈርሙ።

ድርጅቱ መልስ ከከለከለ ለፌዴራል የሞተር ማመላለሻ ደኅንነት አስተዳደር አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ሆኖም ይህ መሥሪያ ቤት ገንዘብዎን አስመልሶ ይሰጥዎታል ብለው አይጠብቁ። ገንዘብ የሚያስመልሰው ሕግ በአሜሪካ ሕጎች መድበል በርዕስ 49 ቁጥር 14704 ያለው ነው፤ ባለ ትራኩ ራሱ በፍርድ ቤት ካሳ እንዲጠይቅና የጠበቃውን ክፍያም እንዲያገኝ ያስችለዋል። ውሉ «ክርክር በግልግል ዳኝነት ብቻ ይታያል» ቢልም ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2019 በኒው ፕራይም እና ኦሊቬራ ጉዳይ፣ የፌዴራሉ የግልግል ሕግ በስቴቶች መካከል በሚያጓጉዙ ሠራተኞች ላይ አይሠራም፣ ውሉ ሠራተኛውን ራሱን የቻለ ተቋራጭ ቢለውም እንኳ፣ ሲል ወስኗል። የስቴት ሕግ ሌላ መንገድ ሊከፍት ስለሚችል ይህን ነጥብ ለጠበቃ ማሳየት ያስፈልጋል። ከ1973 ጀምሮ የቆመው የባለ ትራክ ሾፌሮች ማኅበር፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኦኢዳ የሚባለው፣ እንዲህ ያሉ ክርክሮችን ለረጅም ዓመታት ሲያካሂድ የኖረ በመሆኑ ጥሩ መነሻ ይሆንዎታል። የገንዘቡ ልክ ዝቅተኛ ከሆነ የአነስተኛ ይገባኛል ችሎትም አለ፤ ጣሪያው በየስቴቱ ይለያያል፤ ለምሳሌ በቴክሳስ 20,000 ዶላር፣ በካሊፎርኒያ ለግለሰብ 12,500 ዶላር ነው።

በመጨረሻም ስለ መያዣው። በሳምንት 100 ዶላር ለ14 ወር ወደ 6,000 ዶላር ይጠጋል። መጠኑና የሚውልባቸው ነገሮች በውሉ ተለይተው መጻፍ አለባቸው፤ በፈለጉት ጊዜ ሂሳቡን የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ገንዘቡም ቢያንስ የ91 ቀን የግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት) የሚያስገኘውን ያህል ወለድ ሊከፈልበት ይገባል፤ ወለዱም የሚከፈለው ቢያንስ በየሦስት ወሩ ነው። እስካሁን ወለድ አይተው የማያውቁ ከሆነ ይህንንም በኢሜሉ ላይ ይጨምሩት። ሲለቁ፣ ውሉ በሚያዘው የማስጠንቀቂያ ጊዜ መሠረት የመልቀቂያ ደብዳቤዎን ቀን ጽፈው በኢሜል ይላኩ። በትራኩ በር ላይ ያለውን የድርጅት ምልክት፣ የነዳጅ ካርዱን፣ የሎግ ቡኩን መሣሪያ፣ ተሳቢውንም ሲመልሱ ፎቶ አንሥተው የተረካቢውን ፊርማ ይቀበሉ፤ ድርጅቱ ምልክቱ እስኪመለስ የመጨረሻውን ክፍያ መያዝ ይችላልና ይህን ምክንያት አይተዉለት፤ ምልክቱ ጠፍቶ ከሆነም መነሣቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይበቃል። ያልደረሰ ወጪን በግምት ከመያዣው ማስቀረት አይፈቀድም፤ ሊነሣ የሚችለው በውሉ አስቀድሞ የተጠቀሰ ዕዳ ብቻ ነው፤ እርሱም በመጨረሻው ሂሳብ ላይ በዝርዝር ይታያል። ውሉ ካበቃበት ቀን ጀምሮ እስከ 45ኛው ቀን ድረስ ቀሪው በእጅዎ መግባት አለበት። ቀኑን በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ምልክት ያድርጉበት፤ በ46ኛው ቀን ገንዘቡ ካልመጣ የውሉን ቅጂና የላኳቸውን ኢሜሎች ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ።